ፈረሱን ተዉትና ጣሪያውን እዩ፦ ስለ ስቱዲዮ 54 ለተጻፈው ምላሽ

ሰሞኑን ስለ ኒውዮርኩ የ1970ዎቹ የጭፈራ ክለብ ስለ ስቱዲዮ 54 የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ሰነበተ። ለእኔም ከየአቅጣጫው ደርሶኛል። ጥሩ ይነበባል፤ ቀልድ አለው፣ ወሬውም ይፈሳል። ያልተዋጠልኝ መደምደሚያው ነው። በአጭሩ ስቱዲዮ 54 ዝነኞች ስለሄዱበት ብቻ ስሙ የገነነ ተራ ጭፈራ ቤት ነበር ይላል።

ያላሉትን እንዳልጭንባቸው መጀመሪያ የጸሐፊውን ነጥቦች ላስቀምጥ። ንድፍ የሚባል ነገር አልነበረውም፤ አሮጌ ቴአትር ውስጥ መብራት ሰቀሉ፣ በቃ፤ የዛሬ ክለቦች ስክሪንና ኤልኢዲ ከዚያ መቶ እጥፍ ይበልጣል ይላሉ። ክለቡን ክለብ ያደረጉት ዝነኞቹ ናቸው፤ እነሱን ብታወጧቸው የሚቀረው ባዶ አዳራሽ ነው ይላሉ። በሩ የሀብታምና የዝነኛ ማጣሪያ ነበር፣ «ሁሉም ሰው እኩል የጨፈረበት» የሚባለው ተረት ነው ይላሉ። የተዘጋው ዲስኮ ስለሞተ ነው ይላሉ። በመጨረሻም ከፎቶና ከሐሜት በቀር ትቶት ያለፈው ነገር የለም ብለው ይዘጉታል።

ስለ በሩ ያሉት ግማሽ እውነት አለው፤ እዚያ ስንደርስ እነግራችኋለሁ። የቀረው ላይ ግን አልስማማም። ዓመተ ምሕረቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።

«አሮጌ ቴአትር ውስጥ መብራት ሰቀሉ»

እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፣ ምክንያቱም ሌላው ሁሉ ከዚህ ነው የሚመጣው።

ቤቱ ማንሃተን ውስጥ ነው፣ ምዕራብ 54ኛ ጎዳና ቁጥር 254። በ1927 ሲከፈት ጋሎ ኦፔራ ሃውስ ይባል ነበር፤ ንድፉን የሠራው ዩጂን ዴ ሮዛ ነው። ኦፔራው ብዙም ሳይቆይ ከሰረ። ከዚያ ቤቱ ስም እየቀያየረ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። በ1933 መጨረሻ ቢሊ ሮዝ የሚባል የትርዒት አዘጋጅ ካዚኖ ደ ፓሪ ብሎ ራት፣ ጭፈራና ትርዒት አንድ ላይ የሚገኝበት ቤት አደረገው። ልብ በሉ፣ የስቱዲዮ 54 ባለቤቶች ገና ሳይወለዱ ሰው እዚያ ቤት ውስጥ እየጠጣ ይጨፍር ነበር። በ1940ዎቹ ደግሞ ሲቢኤስ የሚባለው የሬዲዮና የቴሌቪዥን ድርጅት ወሰደውና የሬዲዮ፣ ቀጥሎም የቴሌቪዥን ስቱዲዮ ሆነ። የጥያቄና መልስ ፕሮግራሞች ይቀረጹበት ነበር። ሲቢኤስ በ1970ዎቹ አጋማሽ ሲለቀው የቀረው መድረክ፣ ባልኮኒ፣ ከፍ ያለ ጣሪያና ከመድረኩ በላይ ያለው የቴአትር ማሽን ነው።

ይህ የመጨረሻው ነገር ጸሐፊው ጨርሶ ያላነሱት ነው። በትልልቅ ቴአትር ቤቶች ከመድረኩ በላይ ተመልካች የማያየው ረጅም ባዶ ቦታ አለ። የመድረክ ሥዕሎችና ዕቃዎች እዚያ በብረት ዘንግ ላይ ይሰቀላሉ፣ በገመድና በክብደት ሚዛን ይያዛሉ። ሠራተኛው ገመዱን ሲለቅ አንድ ቤተ መንግሥት ከሰማይ ይወርዳል፣ ሲስበው ይጠፋል። በጊዜው የነበሩ ብዙ ክለቦች መብራታቸውን ጣሪያው ላይ ያስሩታል፤ ስትገባ ያየኸው ጣሪያ ስትወጣም ያው ነው። ስቱዲዮ 54 ጣሪያው ይንቀሳቀስ ነበር።

የክለቡ ባለቤቶች ስቲቭ ሩቤልና ኢያን ሽሬገር ሁለቱም የብሩክሊን ልጆች ናቸው፣ የተዋወቁት ሲራኪዩዝ ዩኒቨርሲቲ ነው። ከስቱዲዮ 54 በፊት ኩዊንስ ውስጥ ኢንቻንትድ ጋርደን የሚባል ዲስኮ ነበራቸው። ቴአትሩን ሲይዙት እንደማንኛውም ክለብ ሆዱን አውጥተው ጠፍጣፋ አዳራሽ ሊያደርጉት ይችሉ ነበር። አላደረጉትም። አርክቴክቱ ስኮት ብሮምሊ ነበር፣ የውስጥ ዲዛይነሩ ሮን ዱድ። ለመብራቱ የጠሩት ደግሞ የክለብ ኤሌክትሪሺያን ሳይሆን የብሮድዌይን፣ ማለትም የኒውዮርክን ትልልቅ ቴአትሮች፣ የመብራት ባለሙያዎች ነው፣ ጁልስ ፊሸርንና ፖል ማራንትዝን። ፊሸር ያኔ ቶኒ የሚባለውን የቴአትር ሽልማት ያገኘ ሰው ነው። ለዳንስ ቤት መብራት የብሮድዌይን አንደኛ ሰው መጥራት በዚያ ጊዜ የተለመደ አልነበረም።

እነሱ የሠሩት ነገር ቀላል ይመስላል። ከላይ የተንጠለጠሉ፣ መብራት የተደረደረባቸው ረጃጅም ዘንጎች አሉ። ዘንጎቹ በሙዚቃው መሀል እየተሽከረከሩና እየበሩ ወደ ጨፋሪው መሀል ይወርዳሉ፣ መልሰው ይወጣሉ። መብራቱ ከሩቅ የሚያበራልህ ነገር መሆኑ ቀርቶ አጠገብህ መጥቶ አብሮህ የሚጨፍር ነገር ሆነ። ከዚያ ታዋቂዋ ጨረቃ አለች፤ ፊት ያላት ግማሽ ጨረቃ ከጎን ትመጣለች፣ ማንኪያ ወደ አፍንጫዋ ይጠጋል፣ መብራቱ ይንቦገቦጋል፣ አዳራሹ ይጮኻል። የኮኬይን ቀልድ ነው፣ የሚያስመሰግን ነገር አይደለም። ግን የምትመጣበትን ሰዓት የሚወስን ሰው ነበር፣ ሕዝቡም ይጠብቃት ነበር። ይህ የቴአትር ሥራ ነው።

አሁን ወለሉን አስቡት። ሰው የሚጨፍረው ድሮ ተዋናይ በሚቆምበትና ከፊቱ ባለው ቦታ ላይ ነው። ባልኮኒው ከነወንበሩ እንዳለ ቀረ። የደከመው ወይም የፈራው ወጥቶ ይቀመጣል፣ ቁልቁል ያያል። ከታች ያለው ደግሞ እየታየ መሆኑን ያውቃል። ሩቤልና ሽሬገር ቴአትሩን ሲወርሱ አንድ ነገር ነው የገለበጡት፣ መድረክ ላይ የሚወጣው እንግዳው ራሱ ነው። ምሽቱን ሙሉ ከእንግዳው ሌላ ትርዒት ባይኖርም ቤቱ ትርዒት አላጣም።

መግቢያውም በድንገት የሆነ አይደለም። ከውጭ ግርግር አለ፣ ገፊና ተገፊ አለ። በሩን ካለፍክ በኋላ ረጅም መተላለፊያ አለ፣ ምንጣፍና መስታወት። ድምፁ ከሩቅ ይሰማሃል እንጂ ምንም አታይም። ከዚያ አዳራሹ ባንዴ ይከፈታል። አስተናጋጆቹ ከወገባቸው በላይ ራቁታቸውን፣ ቁምጣ ብቻ ለብሰው ነበር የሚሠሩት፤ እሱም የመድረክ ልብስ ነው ብላችሁ ውሰዱት።

ደግሞ ትዕይንቱ በየጊዜው ይቀየራል። ለዘፋኟ ዶሊ ፓርተን ግብዣ ቤቱን ጭድና የቤት እንስሳት አምጥተው የገጠር እርሻ አደረጉት። ለአንድ የዘመን መለወጫ ደግሞ የግብዣ አዘጋጁ ሮበርት ኢዛቤል አራት ቶን ብልጭልጭ ወለሉ ላይ አፈሰሰ። ይህን የሚተርከው ሽሬገር ራሱ ነው፤ ሰዎቹ ከወራት በኋላም ብልጭልጩን ከልብሳቸውና ከቤታቸው ያገኙት ነበር ይላል። ጣሪያውን ብቻ ሳይሆን ወለሉንም አስጌጡ ማለት ነው።

ጸሐፊው «በጥድፊያና በርካሽ የተሠራ» ያሉትን እቀበላለሁ። ሥራው ያለቀው ስድስት ሳምንት ገደማ ውስጥ ነው፣ ወጪውም ወደ 400 ሺህ ዶላር እንደነበር ይነገራል። ኤፕሪል 26 ቀን 1977 ተከፈተ። ግን ርካሽ መሆኑ ያልታሰበበት መሆኑን አያሳይም። እንዲያውም በስድስት ሳምንት ያለቀው በጣም ውዱ ነገር፣ ማለትም መድረኩና ማሽኑ፣ አስቀድሞ ስለነበረ ነው። ይህን ማየት ራሱ ንድፍ ነው።

የኤልኢዲው ንጽጽርስ? የዛሬ ስክሪን በብሩህነት ይበልጣል፣ ማንም አይከራከርም። ግን ብዙው አስቀድሞ ተሠርቶ የሚለቀቅ ቪዲዮ ነው፤ ሕዝቡ ቢሞቅም ቢቀዘቅዝም ያው ነው የሚያሳየው። እዚያ ቤት መብራቱን የሚያንቀሳቅሰው ሰው ወለሉን እያየ ነበር የሚሠራው። ያ ልዩነት በአምፖል ብዛት አይለካም።

አንድ ነገር ግን ጸሐፊው ቢያነሱት ኖሮ አፌን ያስዘጉኝ ነበር፣ ሙዚቃው። ለሙዚቃ ብቻ የሚጨፍር ሰው በዚያ ዘመን 54 ሳይሆን ሌላ ቦታ ነበር የሚሄደው። ዴቪድ ማንኩሶ ከ1970 ጀምሮ በመኖሪያ ቤቱ ያዘጋጀው የነበረው ዘ ሎፍት አለ፤ በግብዣ ብቻ ነው የሚገባው፣ መጠጥ አይሸጥበትም። ኪንግ ጎዳና ቁጥር 84 ላይ ደግሞ ላሪ ለቫን የነገሠበት ፓራዳይስ ጋራዥ አለ፤ ቤቱ የእውነት የመኪና ማቆሚያ ነበር። በጨዋታና በድምፅ ጥራት ብዙ ሰው ጋራዡን ያስቀድማል፣ እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ። የሚገርመው የሁለቱንም ቤት ድምፅ የሠራው አንድ ሰው ነው፣ ሪቻርድ ሎንግ። እንግዲህ በስፒከር ብቻ ቢሆን ኖሮ ሁለቱ ቤቶች ይመሳሰሉ ነበር። አንዱ ግን ለጆሮ የተሠራ ነው፣ ሌላው ለዓይን።

«ዝነኞቹን ብታወጧቸው ባዶ አዳራሽ ነው»

እዚህ ላይ ጸሐፊው ፈረሷን አመጡ። ሁሌም ትመጣለች። የሮክ ዘፋኙ የሚክ ጃገር ሚስት የነበረችው ቢያንካ ጃገር በልደቷ ነጭ ፈረስ ላይ ተቀምጣ ክለቡ ውስጥ ታየች፣ ፎቶው ዓለምን ዞረ፣ ክለቡም በዚያ ታወቀ ይላሉ።

ፎቶው ዓለምን መዞሩ እውነት ነው። ሆኖም ቢያንካ ጃገር ራሷ በ2015 ለጋዜጣ በጻፈችው ደብዳቤ በፈረስ እየጋለበች እንዳልገባች ተናግራለች። ከባሏ ጋር በእግሯ ነው የገባችው፤ ፈረሱ ቤቱ ውስጥ ነበር፣ አይታ ትንሽ ተቀመጠችበት። ታዲያ ፈረሱን ማን አመጣው? ቤቱ። ክለቡ በተከፈተ በሳምንቱ ግድም ለካሜራ የተዘጋጀ ትዕይንት ነበር። ለዝነኞቹ ጉልበት ማስረጃ ተብሎ የቀረበው ፎቶ ራሱ የመድረክ ዝግጅት ውጤት ነው።

ዝነኛ የሚረዳ መሆኑን አልክድም። ካርመን ዳሌሲዮ የምትባል፣ የፋሽኑንና የሥነ ጥበቡን ዓለም በአድራሻ የምታውቅ ሴት ባትኖር ኖሮ የመጀመሪያው ምሽት እንደዚያ አይሞላም ነበር። ያንን ሥራ የሚያሳንስ ሰው ክለብ ምን እንደሆነ አያውቅም። ግን ዝነኛ በማግስቱ የሚመለሰው በአድራሻ ደብተር አይደለም። ደግሞም ስንት ዝነኛ ቢመጣ ያንን የሚያህል አዳራሽ አይሞላም። ወለሉን የሞላው ፀጉር ሠሪው፣ ተማሪው፣ ልብስ ሰፊው፣ ቀን ቢሮ ውሎ ማታ ሌላ ሰው የሚሆነው ነው።

ተፎካካሪዎቹን ብታዩ ደግሞ ይበልጥ ግልጽ ነው። በ1978 ዜነን የሚባል ክለብ ተከፈተ። እዚያም ዝነኛ ሞልቷል። ግን ባለቤቶቹ 54ን ለመግጠም ሲነሱ የመረጡት ቦታ ምን ነበር? ሄንሪ ሚለርስ የሚባል አሮጌ ቴአትር ቤት። ዝነኛ ብቻውን የሚበቃ ነገር ቢሆን ኖሮ አንድ ጥሩ ሆቴል ምድር ቤት ይበቃቸው ነበር። ሩቤልና ሽሬገርም ከእስር ወጥተው በ1985 ወደ ክለብ ሥራ ሲመለሱ የሄዱት ወደ አሮጌ ቴአትር ነው፣ 14ኛው ጎዳና ላይ ወደነበረው ፓላዲየም። ጃፓናዊው አርክቴክት አራታ ኢሶዛኪ የድሮውን ቤት ሳያፈርስ በሆዱ ውስጥ ሌላ አዲስ ሕንጻ የሚመስል መዋቅር አቆመበት። ኪዝ ሄሪንግና ባስኪያ ሥዕል ሠሩለት። የመጀመሪያው ስኬት የዝነኞች ዕድል ብቻ ቢሆን ለሁለተኛው ያንን ያህል ለንድፍ አያወጡም ነበር።

አሁን ጸሐፊው ሊሉኝ የሚችሉትን እኔው ልበለው። በ1981 ማርክ ፍላይሽማን የሚባል ባለሀብት ስቱዲዮ 54ን እንደገና ከፈተው። ያው ቤት፣ ያው መድረክ። ሁሉንም የሠራው ቤቱ ከሆነ ለምን እንደ መጀመሪያው አልነደደም? ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሴ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ሁለተኛው ዘመን እስከ 1986 ቆይቷል፤ የመጀመሪያው ግን ወደ 33 ወር ብቻ ነው የቆየው። ስለዚህ ያን ያህል ውድቀት አልነበረም። ሁለተኛ፣ ንድፍ ስል ግድግዳና መብራት ብቻ ማለቴ አይደለም፤ ዛሬ ማታ ወለሉ ላይ ምን ይፍሰስ፣ ጨረቃዋ መቼ ትምጣ፣ ማን ይግባ ብሎ በየቀኑ የሚጨነቅ ሰውም የንድፉ አካል ነው። ያ ሰው ሲሄድ መድረኩ ቀረ፣ ዝግጅቱ ግን ተቀየረ። ይህን ያህል ለጸሐፊው እለቅላቸዋለሁ።

«በሩ የሀብታም ማጣሪያ ነበር»

ስለ በሩ ጭካኔ ያሉት እውነት ነው። ማርክ ቤኔክ የሚባል ገና ሃያ ዓመት ያልሞላው ወጣት ቬልቬት ገመዱ ጋ ቆሞ «አንተ ግባ፣ አንቺ አትገቢም» ይላል፤ ሩቤልም ራሱ ወጥቶ ይመርጣል፣ ሰውን በልብሱ ይሳደባል። ሰው በብርድ ሰዓታት ቆሞ ይመለሳል። የሚያምር ነገር የለውም።

ሆኖም «የሀብታም ማጣሪያ» የሚለው ልክ አይደለም። ገንዘብ ብቻ የያዘ ሰው በብዛት ነው የተመለሰው፤ ሱፍ ለብሶ በሊሞዚን የመጣ ነጋዴ ተገፍቶ፣ አጠገቡ የቆመ ማንም የማያውቀው ነገር ግን አለባበሱ ዓይን የሚስብ ልጅ ይገባ ነበር። ሩቤል ይህን ሰላጣ ከማዘጋጀት ጋር ነበር የሚያመሳስለው፤ አንድ ዓይነት ቅጠል ብቻ ከሆነ አይጣፍጥም ይል ነበር። ግብረ ሰዶማውያን፣ ጥቁሮች፣ ላቲኖዎች፣ አረጋውያን፣ ባንክ ሠራተኞች አንድ ወለል ላይ የሚገኙበት ቤት በዚያ ዘመን ማንሃተን መሀል ላይ ብዙ አልነበረም። ሠዓሊው አንዲ ዋርሆል «በሩ ላይ አምባገነንነት፣ ወለሉ ላይ ዴሞክራሲ» ብሏል ይባላል። ጸሐፊው የመጀመሪያውን ግማሽ ወስደው ሁለተኛውን ጣሉት።

ሁለተኛው ግማሽም ቢሆን ሙሉ አይደለም። ከታች ምድር ቤት ለተመረጡ ሰዎች ብቻ የሚከፈት ክፍል ነበር፤ ስለዚህ ውስጥ ከገቡ በኋላም ሌላ በር አለ። የበሩን ስህተት ደግሞ ከሙዚቀኞቹ ከናይል ሮጀርስና ከበርናርድ ኤድዋርድስ ታሪክ የበለጠ የሚናገር የለም። በ1977 የዘመን መለወጫ ምሽት ታዋቂዋ ዘፋኝ ግሬስ ጆንስ ጋብዛቸው መጡ፣ በሩ ላይ ተመለሱ። ተናደው ቤት ገቡና እየተሳደቡ ሙዚቃ መጫወት ጀመሩ። ስድቡ ተለሳልሶ «ለ ፍሪክ» ሆነ፤ በሚቀጥለው ዓመት ቺክ በሚለው የባንዳቸው ስም ወጥቶ አሜሪካ ውስጥ አንደኛ ደረጃ ላይ ተቀመጠ። የዲስኮን ትልቅ ሙዚቃ ከሚሠሩት ሰዎች ሁለቱን ደጅ የሚያስቀር በር ጥሩ መራጭ ነበር ማለት አልችልም። ግን ሁለቱን የመለሰው በር ሀብትና ዝናን ብቻ የሚያይ ከነበረ፣ በግሬስ ጆንስ ስም የመጡ ሰዎች መግባት ነበረባቸው።

«ዲስኮ ሞተ፣ ክለቡም ሞተ»

ይህ የጽሑፉ ደካማ ክፍል ነው፤ ቀን መቁጠር ይበቃል።

ጸሐፊው የሚጠቅሱት ጁላይ 12 ቀን 1979ን ነው። ያን ዕለት ቺካጎ ኮሚስኪ ፓርክ ስታዲየም ውስጥ በሁለት የቤዝቦል ጨዋታዎች መሀል የዲስኮ ሸክላዎች ክምር በፈንጂ ወደመ፣ ሕዝቡም ሜዳውን ወረረው። ከሰባት ወር በኋላ ስቱዲዮ 54 ተዘጋ። «ስለዚህ» ይላሉ።

እስቲ ወደ ኋላ እንሂድ። የፌዴራል ግብር መርማሪዎች ክለቡን የፈተሹት በዲሴምበር 1978 ነው። ክሱ የተመሠረተው በጁን 1979 ነው፤ ከሽያጩ ወደ ሁለት ሚሊዮን ተኩል ዶላር ሰውረዋል የሚል። ሁለቱም ከቺካጎው ፍንዳታ በፊት ናቸው። የቺካጎው ሸክላ ባይፈነዳም ባለቤቶቹ ፍርድ ቤት መቅረባቸው አይቀርም ነበር። በዓመቱ መጨረሻ ጥፋታቸውን አመኑ፣ በጃንዋሪ 1980 ሦስት ዓመት ተኩል እስር ተፈረደባቸው፣ በፌብሩዋሪ መጀመሪያ ገቡ። ከመግባታቸው በፊት በተደረገው የመሰናበቻ ግብዣ ዳያና ሮስና ላይዛ ሚኔሊ ዘፍነውላቸዋል። ሰው ጠፍቶበት የተዘጋ ቤት እንደዚህ አይሰናበትም።

ምን ነካቸው ካላችሁ፣ ገንዘቡ በጥሬው ይገባ ነበር፣ እነሱም በከረጢት ያወጡት ነበር። ያም ሳያንስ ሩቤል ለጋዜጠኛ በመጀመሪያው ዓመት ሚሊዮኖች ማትረፋቸውንና ከእነሱ በላይ ያተረፈ ማፊያ ብቻ መሆኑን አወራ። በአፍ ይጠፉ በለፈለፉ ማለት ይኼ ነው። የግብር መሥሪያ ቤቱም ጋዜጣ ያነባል።

የአስተዳደሩ ዝርክርክነት ደግሞ ያኔ የተጀመረ አይደለም። ክለቡ ሲከፈት መደበኛ የመጠጥ ፈቃድ አልነበረውም። ለሰርግና ለግብዣ የሚሰጠውን የአንድ ቀን ፈቃድ በየቀኑ እያወጡ ነበር የሚሸጡት። ወር ሳይሞላ ተፈተሹ፣ መጠጡም ተወሰደ። በማግስቱ ጭማቂና ለስላሳ እየሸጡ በሩን ከፈቱ፣ መደበኛው ፈቃድ የተገኘው በኦክቶበር አካባቢ ነው። ወራት ሙሉ መጠጥ ሳይኖር ሰው መምጣቱን ያላቆመበት ቤት ነው እንግዲህ «ፋሽን አልፎበት» ተዘጋ የሚባለው።

ዲስኮ ራሱስ ያኔ ሞቷል? ሬዲዮ ጣቢያዎች ፊታቸውን አዙረዋል፣ የሸክላ ኩባንያዎችም ቃሉን መሸሽ ጀምረዋል፤ ይህ ትክክል ነው። ወለሉ ላይ ግን ሌላ ነው። በ1980 መጸው፣ ማለትም ሞተ ከተባለ ከአንድ ዓመት በኋላ፣ ድሮ ፊልሞር ኢስት የሚባል የሮክ ሙዚቃ አዳራሽ በነበረው ሕንጻ ውስጥ ዘ ሴይንት የሚባል የግብረ ሰዶማውያን ክለብ ተከፈተ። ከ4 ሚሊዮን ዶላር በላይ ፈሰሰበት። የጭፈራውን ወለል ትልቅ ጉልላት ይሸፍነዋል፣ መሀሉ ላይ እንደ ፕላኔታሪየም ኮከብ የሚረጭ ማሽን ቆሟል። እስከ 1988 ቆየ። ፓራዳይስ ጋራዥም እስከ 1987 አልተዘጋም። ለሞተ ነገር ማንም ይህን ያህል ብር አያፈስም።

«ምንም አልተወም»

ይህን በአጭሩ ልለፈው። ሩቤልና ሽሬገር ከእስር እንደወጡ ማንም የመጠጥ ፈቃድ አይሰጣቸውም ነበር። ስለዚህ ወደ ሆቴል ዞሩ። በ1984 ማዲሰን ጎዳና ላይ ሞርጋንስን ከፈቱ፣ ውስጡን የፈረንሳይዋ ዲዛይነር አንድሬ ፑትማን ሠራችው። ትንሽ፣ ዲዛይኑ የሚወራለት፣ ሎቢው ቁልፍ መቀበያ ብቻ ሳይሆን መታያና መተያያ የሆነበት ሆቴል። ዛሬ «ቡቲክ ሆቴል» የምንለው ነገር ሲወራ ሞርጋንስ ከመጀመሪያዎቹ ተርታ የሚጠራው ለዚህ ነው። ሩቤል በ1989 በ45 ዓመቱ አረፈ። ሽሬገር ሆቴል መክፈቱን ቀጠለ፣ በጃንዋሪ 2017 ፕሬዚዳንት ኦባማ ይቅርታ አደረጉለት። በ2020 ደግሞ ብሩክሊን ሙዚየም ስለ ክለቡ ትልቅ ኤግዚቢሽን አሳየ። በሐሜት ብቻ ሙዚየም አይሞላም፤ የሞላው በንድፍ ሥዕል፣ በልብስ፣ በመድረክ ሥራ ጭምር ነው።

ጸሐፊው «ቤቱ ዛሬ ተራ ቴአትር ሆኗል» ብለው እንደ ሽንፈት ያቀረቡት ነገር ደግሞ የእኔን ነጥብ ነው የሚያጠናክረው። በ1998 ራውንድአባውት የሚባለው የቴአትር ድርጅት «ካባሬ»ን ወደ 54ኛው ጎዳና አዛወረ። ትርዒቱ ራሱ በበርሊን የምሽት ክለብ ውስጥ የሚካሄድ ታሪክ ነው፣ ተመልካቹም ጠረጴዛ ዙሪያ ነበር የሚቀመጠው። ድርጅቱ በኋላ በ2003 ሕንጻውን ገዛው። ወደዚያ ከመዛወሩ በፊት ይኸው ትርዒት ይታይ የነበረው የት እንደሆነ ታውቃላችሁ? ሄንሪ ሚለርስ ውስጥ፣ የዜነን ቤት። የ1970ዎቹ ጨፋሪዎች መድረኩን ቢያፈርሱት ኖሮ «ካባሬ» ከሁለቱ ቤቶች በአንዱም አይታይም ነበር።